የዓመቱ ክፍላት በሕፃናት መጻሕፍት

ለታላላቆች የተጻፈ መጽሐፍ በወጣ ጊዜ የሚመረምረው ሰው አይጠፋም፤ ለሕፃናት የተጻፈው ግን ሥዕሉ ካማረና ዋጋው ካልከበደ ማንም ሳይመረምረው ከገበያ ወደ ቤት ይገባል። ነገር ግን ሕፃን የመጀመሪያውን መጽሐፉን እንደ እናቱ ቃል አድርጎ ያምነዋልና፥ ስሕተት የተገኘበት እንደ ሆነ ከታላቁ መጽሐፍ ስሕተት ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ስለ ድርሳንና ስለ ቅኔ መጻፋችንን ትተን፥ ለትንንሽ ልጆች ስለ ዝናብና ስለ ፀሐይ፥ ስለ ደመናና ስለ ነፋስ፥ ስለ ዓመቱም ክፍላት መፈራረቅ ለማስተማር ስለሚታተሙት መጻሕፍት ጥቂት ቃል ለመጻፍ ወደድን።

ለዚህ ነገር ምክንያት የሆነን የአንድ ልጅ ክርክር ነው። ልጁ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ በከተማው ተማሪ ቤት ይማራል፥ ቅዳሜ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ከአንድ መሪጌታ ዘንድ ዳዊት ይደግማል። አንድ ቀን መሪጌታው አራቱን ክፍላተ ዘመን ሲያስጠኑት፥ ጸደይ ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ነው ቢሉት፥ ልጁ ቀና ብሎ፥ «የኔታ፥ ጸደይማ መስከረም ነው፤ አበባ የሚፈነዳበት ነው፤ መጽሐፌ ላይ አለ» አላቸው። መሪጌታው መጽሐፉን አስመጥተው አዩት። ልጁ እንዳለውም ሆኖ አገኙት። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ መጽሐፉን ዘግተው መለሱለትና፥ «እንግዲህ ልጄ፥ እኔና መጽሐፍህ አልተስማማንም» አሉት። ልጁም ማንን እንደሚያምን ተቸግሮ አንድ ጊዜ የኔታን አንድ ጊዜ መጽሐፉን ይመለከት ነበር።

ከዚህ በኋላ እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት ከሻጮች ዘንድ ፈልገን ተመለከትን። መልካም የሆነውን አስቀድመን እንናገር። ፊደላቸው ጎላ ያለ ነው፤ ዐረፍተ ነገራቸው አጭር ነው፤ ወረቀቱም ቀለሙም ከቀድሞዎቹ ይሻላል። በእኛ ልጅነት ስለ አየር የሚናገር የሕፃናት መጽሐፍ ማን ነበረው? ስለዚህ ያሳተሙትን ሰዎች ማመስገን ይገባናል። ነገር ግን አብዛኞቹ ከውጭ ቋንቋ የተመለሱ ወይም የውጭውን አብነት ተከትለው የተሰናዱ ናቸውና፥ ከመጽሐፉ ጋር የውጭው ሰማይ አብሮ መጥቷል። አራት ሥዕል አለ። በአንደኛው ዛፍ ያብባል፤ በሁለተኛው ልጆች በባሕር ዳር በአሸዋ ይጫወታሉ፤ በሦስተኛው ቅጠል ይረግፋል፤ በአራተኛው ልጆች ጓንትና ሹራብ ለብሰው ከነጭ በረዶ ሰው ሠርተው አፍንጫውን ካሮት አድርገውለታል። ከዚህም ከአራተኛው ሥዕል በታች «ክረምት» የሚል ቃል ተጽፎበታል።

እስቲ ይህን ሥዕል በአዲስ አበባ ወይም በደብረ ብርሃን ያለ ልጅ ሲያየው ምን እንደሚል እናስብ። ክረምት ማለትን ይህ ልጅ ያውቀዋል። ክረምት ማለት ቆርቆሮው ሲጮህ እናት ከልጅዋ ጋር መነጋገር የሚያቅታት ጊዜ ነው፤ ጭቃ ጫማን ከእግር የሚነጥቅበት፥ ጅረቱ ወንዝ፥ ወንዙም ባሕር የሚመስልበት፥ ተማሪ ቤት የሚዘጋበት ጊዜ ነው። አሁን ግን መጽሐፉ ያወቀውን ቃል ወስዶ ያላወቀውን ነገር ሰጠው። ተርጓሚው እንዲህ ያደረገው ክፉ አስቦ አይደለም። በመዝገበ ቃላት «ክረምት» የሚለው ቃል ከሰሜኖቹ አገሮች የብርድ ወራት ስም ጋር ተጣምሮ ይገኛልና ያንኑ ተከተለ። ነገር ግን የእነርሱ የብርድ ወራት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ድረስ ነው፤ ይህም በእኛ አገር ጥርት ያለ በጋ ነው። የእኛ ክረምት የሚገባበት ሰኔ 26 ቀን ደግሞ በእነርሱ ዘንድ ሙቀት የሚበረታበትና ልጆች ወደ ባሕር ዳር የሚሄዱበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ቃሉ በቀን ብንመዝነውም በግብር ብንመዝነውም አልተስማማም።

በረዶ የተባለውም እንደዚሁ ነው። የእኛ ልጅ የሚያውቀው በረዶ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርድ፥ ጎመኑን የሚበሳ፥ በእጅ ሲይዙት ቀልጦ የሚያልቅ ነው። በዚህ ሰው መሥራት እንዴት ይቻላል? ቋንቋችን ደኸየ የሚል ሰው ቢኖር የግእዝ መጻሕፍትን ይመልከት፤ በረድና ሐመዳ፥ አስሐትያም እያሉ በየስሙ ለይተው ይጠሩታል። የስሜን ሰው ደግሞ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመበት አገር ስለ ሆነ አመዳይን ያውቀዋል። ተርጓሚው ከእነዚህ አንዱን ቃል መርጦ በአንዲት መስመር ቢፈታው ኖሮ፥ ልጁ አንድ ቃል ይጨምር ነበር እንጂ የነበረውን ቃል አያጣም ነበር። (በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም የሚያድጉ የእኛ ልጆች ይህን ሥዕል በመስኮታቸው ያዩታልና ለእነርሱ እውነት ነው። ለእነርሱ የሚያስፈልገው መጽሐፍ ሌላ ነው፤ እናቶቻቸው ስለ መስከረም ሲያወሩ ምን ማለታቸው እንደ ሆነ የሚነግር መጽሐፍ ነው።)

ይልቁንም ከቃል ስሕተት የሚከፋው የምክንያት ስሕተት ነው። የውጭዎቹ መጻሕፍት ለልጅ የሚሉት፥ ብርድ የሚመጣው ፀሐይ ዝቅ ስላለችና ቀኑ ስላጠረ ነው ነው። በእነርሱ አገር ይህ እውነት ነው። የእኛ መጽሐፍ ግን ይህንኑ ቃል በቃል ገልብጦ፥ በክረምት ብርድ የሚሆነው ፀሐይ ስለ ራቀች ነው ብሎ ጽፎ አየን። ይህ ፈጽሞ አይደለም። በሐምሌ ፀሐይ ከአዲስ አበባ አልራቀችም፤ እንዲያውም በቀትር ከራሳችን በላይ ጥቂት ወደ ሰሜን አልፋ ከፍ ብላ ትቆማለች፤ የቀኑም ርዝመት በዓመቱ ውስጥ ካለው ሁሉ ከሚረዝመው ወገን ነው። ብርድ የሚሆንብን ደመናው በመካከላችን ስለ ገባ ነው። ፀሐይ ወደ ሰሜን በሄደች ጊዜ የዝናቡም መቀነት ተከትሏት ይወጣል፤ እርጥበት ያለው ነፋስም ከአትላንቲክ በኩል የኮንጎን ዱር ተሻግሮ፥ ከሕንድ ውቅያኖስም በኩል መጥቶ ከተራሮቻችን ጋር ሲጋጭ ወደ ላይ ይወጣል፥ ይቀዘቅዛል፥ ይዘንባል። በታኅሣሥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ስለ ሆነ ምድር በቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት የሚከለክልላት ደመና የለም፤ ስለዚህ ቀኑ ሲሞቅ ውሎ ሌሊቱ ውርጭ ይሆናል፥ ጧትም ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ፥ ደመና ብርድ ልብስ ነው ቢሉት ይህን ሁሉ ይገባዋል፤ በቀን ፀሐይን ይከልላል፥ በሌሊት ምድርን ያለብሳል። እኛ ያየናቸው መጻሕፍት ይህን አንዱን እንኳ አልተናገሩም።

ወደ ልጁ ክርክር እንመለስ። ቤተ ክርስቲያን ዓመቱን በአራት ትከፍላለች፤ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፥ በጋ ወይም ሐጋይ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፥ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፥ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25። በተማሪ ቤት መጽሐፍ ግን ጸደይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ሆኗል፥ በጸደይ ፈንታ በልግ ገብቷል፥ መፀውም ቤቱን ለጸደይ ለቅቆ ስሙ ከልጆች አፍ ጠፍቷል። ይህ ከየት መጣ? የኤውሮፓ የአበባ ወራት በአማርኛ ጸደይ ተብሎ ተተረጐመ፤ በእኛ አገር አበባ የሚፈነዳው በመስከረም ስለ ሆነ፥ ስሙ አበባውን ተከትሎ ከመጋቢት ወደ መስከረም ተሰደደ። በዚህም ላይ የአየርን ጠባይ የሚመረምሩት ሊቃውንት ሦስተኛ አከፋፈል አላቸው። እነርሱ ዓመቱን በሦስት ብቻ ይከፍሉታል፤ በፈረንጅ አቈጣጠር ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ በጋ፥ ከፌብሯሪ እስከ ሜይ በልግ፥ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ክረምት ይሉታል። እንግዲህ ልጁ ጧት በራዲዮ አንዱን ይሰማል፥ ቀን በተማሪ ቤት ሌላውን ይማራል፥ ቅዳሜ ከየኔታ ዘንድ ሦስተኛውን ያገኛል።

አንዳንድ ካህናት ይህን ሲሰሙ ተቈጥተው የተማሪ ቤቱን መጽሐፍ ሐሰት ነው ሊሉ ይችላሉ። እኛ እንዲህ አንልም። የሊቃውንቱ ሦስት ክፍል ዝናብን ለመለካት የተደረገ ነውና ለዚያ ሥራ ይጠቅማል፤ የቤተ ክርስቲያን አራት ክፍል ደግሞ ከማኅሌቱና ከምንባቡ ጋር የተሳሰረ ነውና ከዚያ ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል አይቻልም። መጽሐፎቹን የምንነቅፋቸው አንዱን መርጠው ሌላው እንዳልነበረ አድርገው ስለ ጻፉ ነው። ስለ ስሙ ግን የእኛን አሳብ ጠይቃችሁን እንደ ሆነ፥ አበባውን ለመፀው መልሱለት እንላለን። ልጅ መፀው የሚለውን ቃል ማወቅ ያቅተዋል የሚል አስተማሪ፥ ልጁ ከዚህ የሚከብድ ስንት የውጭ ቃል በአፉ እንደሚያመላልስ ያዳምጥ።

አሁን ወደ ቀደሙት መጻሕፍት እንሂድ፤ እነርሱ ለሕፃናት ተብለው አልተጻፉም፥ ነገር ግን ስንት መቶ ዓመት ሕፃናትን ሲያስተምሩ ኖረዋል። ከሁሉ አስቀድመን የምንጠራው ድጓ ነው። የቤተ ክርስቲያን ልጅ ዓመትን የሚማረው በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጆሮው ጭምር ነው። ትናንት የነበረው ዜማ ዛሬ ሲለወጥ፥ ከእናቱ ነጠላ ሥር ተኝቶ የሚሰማ ሕፃን ሳይቀር አንድ ነገር እንዳለፈ አንድ ነገርም እንደ ገባ ያውቃል። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ባለው በአርባው የጽጌ ቀን፥ እሑድ ሊነጋ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ተቆሞ ያደረ ልጅ፥ ጧት ወደ ቤቱ ሲመለስ በመንገዱ ዳር አደይ አበባን በጤዛ ርሶ ያገኘዋል። ሌሊት የሰማውን ጧት አየው። ከዚህ የሚሻል የትምህርት ሥርዐት ያዘጋጀ ሰው መኖሩን እንጠራጠራለን።

የክረምቱ አከፋፈል ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። ብዙ ሰው ክረምትን እንደ አንድ ነገር አድርጎ ያስበዋል፤ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ግን ከፋፍለው አይተውታል። ከሰኔ 26 ቀን እስከ ሐምሌ 18 ቀን ነገሩ ሁሉ ስለ ዘርና ስለ ደመና ነው። ከሐምሌ 19 ቀን እስከ ነሐሴ 9 ቀን ስለ መብረቅና ስለ ነጎድጓድ፥ ስለ ባሕርና ስለ ወንዞች ነው። ከነሐሴ 10 ቀን እስከ 27 ቀን ዕጓለ ቋዓት ይባላል፤ ዕጓለ ቋዓት ማለት የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው፤ ዓይነ ኵሉ ተብሎም ይጠራል፥ የፍጥረት ሁሉ ዓይን ወደ ሰጪው የሚያይበት ነውና። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ጎሕና ጽባሕ፥ ብርሃንም ይሆናል። ይህን ተራ ልብ ብሎ ያየ ሰው፥ ያሰናዱት ሊቃውንት በደጃፍ ተቀምጠው እርሻ እያዩ ያሰናዱት ይመስለዋል። አስቀድሞ ገበሬው ይዘራል፥ ደመናውም ይሰበሰባል፤ ቀጥሎ ነጎድጓዱ ይመጣል፥ ወንዙ ይሞላል፤ ቀጥሎ በነሐሴ አዲሱ እህል ሳይደርስ ጎተራው ያልቃል፥ በዚያን ጊዜ ስለ ተራቡት ጫጩቶች ይዘመራል፤ በመጨረሻ ሰማዩ ይከፈታል። በአራቱ ሥዕሎች መጽሐፍ ክረምት እንደ ቤት ያለ ነው፥ ልጁ ገብቶ ይወጣል። በድጓው ግን ክረምት መንገድ ነው፤ ልጁ ከገበሬው ጋር አብሮ ይሄድበታል፥ በመካከሉም ይራባል። ከተሜው ልጅ ምናልባት ረኃብን የሚሰማው በዚህ ስፍራ ብቻ ይሆናል።

ስለ ቁራ ጫጩቶች ግን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። መምህራን ለልጆች እንዲህ እያሉ ይተርካሉ፤ የቁራ ጫጩት በተፈለፈለ ጊዜ እንደ ወላጆቹ ጥቁር ስላልሆነ ትተውት ይሸሻሉ፥ እርሱም አፉን ከፍቶ ወደ ሰማይ ሲጮኽ እግዚአብሔር ይመግበዋል። በመጽሐፈ ኢዮብና በዳዊት የሚገኘው እግዚአብሔር ለሚጮኹ የቁራ ልጆች ምግብ መስጠቱ ነው፤ ወላጆቹ ስለ ጥቁረት ትተውት ሸሹ የሚለው የትርጓሜ ታሪክ ነው። ቁራን በዛፉ ላይ የተመለከተ ሰው ደግሞ አባትና እናት ተራ በተራ ሲመግቡ ያያል። መሪጌታው ይህን ለልጁ ቢነግሩት ከክብራቸው የሚጐድል ነገር የለም፤ ይልቁንም ልጁ አድጎ በዓይኑ ባየው ጊዜ፥ የኔታ አስቀድመው ነግረውኛል ይላል እንጂ፥ የኔታ አታለሉኝ አይልም።

መጽሐፈ ሄኖክን ያለ ፍርሀት ለሕፃናት አስተማሪዎች እንመክራለን። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ፥ ስለ ነፋሳትም መንገድ ይናገራል። ፀሐይ በምሥራቅ ስድስት በሮች፥ በምዕራብም ስድስት በሮች አሏት፤ ወሩ ሲለወጥ በሩን ትለውጣለች። ለነፋሳትም ዐሥራ ሁለት በሮች አሏቸው፤ ከአራቱ በረከት፥ ከስምንቱ ጉዳት ይወጣል። በር ማለት ለልጅ ቅርብ የሆነ ነገር ነው። ልጅን በአንድ ስፍራ ላይ አቁመን፥ ፀሐይ በመስከረም በየትኛው ዛፍ፥ በታኅሣሥ በየትኛው ጣራ በኩል እንደምትወጣ ብናሳየው፥ በሮቹን በሰፈሩ ውስጥ ያገኛቸዋል። ነገር ግን ልኩ የእኛ አገር ልክ አይደለም። መጽሐፉ ቀንና ሌሊትን በ18 ክፍል አድርጎ፥ በረዘመ ጊዜ ቀኑ 12 ክፍል ሌሊቱ 6 ክፍል ይሆናል ይላል፤ እንዲህ ያለ ልዩነት የሚታየው ከእኛ ይልቅ እጅግ ወደ ሰሜን በራቁ አገሮች ነው። በአዲስ አበባ ከሁሉ የረዘመው ቀን ከሁሉ ካጠረው ቀን የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ይህን የምንጽፈው ቅዱሱን መጽሐፍ ለመንቀፍ አይደለም፤ አስተማሪው ሰዓቱን ይዞ ልጁን ባስቈጠረው ጊዜ እንዳያፍር ነው።

እንዲሁም ስለ ዝናብ በመጽሐፍ ቅዱስ የምናነበው ሁሉ በከነዓን ሰማይ ሥር የተጻፈ መሆኑን ብዙዎች አስተማሪዎች ይዘነጉታል። በዚያ አገር ዝናብ የሚዘንበው እኛ በጋ በምንለው ጊዜ ነው፤ የፊተኛው ዝናብ ዘር ሲዘራ፥ የኋለኛው ደግሞ እህሉ ሊደርስ ሲል ይወርዳል፥ ስንዴውም በበዓለ ኀምሳ አካባቢ ይታጨዳል፥ ከዚያ በኋላ ሰማዩ ይዘጋል። ሳሙኤል በስንዴ አጨዳ ጊዜ ነጎድጓድና ዝናብ ከእግዚአብሔር ዘንድ መለመኑ በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 ተጽፏል። የአጨዳውን ጊዜ ያላወቀ ልጅ፥ ዝናብ ቢዘንብ ምን ያስደንቃል? ብሎ ያልፈዋል። ያወቀው ግን ከሕዝቡ ጋር አብሮ ይደነግጣል። ስለ አየር የሚያስተምር መጽሐፍ ቅዱሳት መጻሕፍትን ለማንበብ እንደሚረዳ ከዚህ ይታወቃል።

ከኤውሮፓ መጻሕፍት ወገን አንድ የምናከብረው አለ። ኮሜኒዩስ የተባለው የሞራቪያ ጳጳስ በ1658 በፈረንጅ አቈጣጠር በኑርንበርግ ያሳተመው፥ ኦርቢስ ፒክቱስ የሚባለው፥ ለሕፃናት በሥዕል ከተሰናዱት መጻሕፍት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። ስለ እግዚአብሔር ይጀምርና ስለ ዓለም፥ ስለ ሰማይ፥ ስለ እሳት፥ ስለ አየር፥ ስለ ውኃ፥ ስለ ደመና፥ ስለ ምድር ተራ በተራ ይሄዳል። በሥዕሉ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ቍጥር አለው፥ ቍጥሩም ከቃሉ ጋር ይገናኛል። የዛሬዎቹ አሳታሚዎች ከውጭ ሲወስዱ ይህን ሥርዐት ቢወስዱ ባልነቀፍናቸው፤ እነርሱ ግን የወሰዱት የካሮቱን አፍንጫ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ነው። ያየናቸው የሕፃናት መጻሕፍት ሁሉ ዓመቱን እንደ መንኰራኩር አድርገው ይሥሉታል፤ ዞሮ ዞሮ እዚያው ይመጣል፥ አንዱም አይቀርም። በኢትዮጵያ ግን ዝናብ ይቀራል። በ1966 ዓ.ም. በወሎ፥ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን አገራችን የሆነውን የምናስታውስ ብዙዎች ነን። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በሰላማዊው ውቅያኖስ ላይ ኤልኒኞ የሚባለው የባሕር ሙቀት ተነሥቶ ዝናቡ ጐደለ፥ በቀጣዩም ዓመት ከዐሥር ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው የምግብ ርዳታ አስፈለገው። በልግ ጠብቀው የሚያርሱት የወሎና የሰሜን ሸዋ ደጋ ሰዎች በልጉ ሲቀርባቸው ምን እንደሚሆኑ ለልጆቻቸው መንገር አያስፈልግም። ታዲያ ከእነዚህ ስፍራዎች የተወለደ ልጅ፥ ሰኔ ሲገባ ዝናብ ይመጣል የሚለውን መጽሐፍ ሲያነብ፥ በቤቱ ያየውንና በመጽሐፉ ያነበበውን እንዴት ያስታርቀዋል?

አሳታሚ ሊመልስልን ይችላል፤ ሕፃንን ስለ ረኃብ ማስፈራራት አይገባም ይላል። እኛም ማስፈራራት አይገባም እንላለን። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ዝናብ በዘገየ ጊዜ ምሕላ ታውጃለች፤ ሕፃናትም ከታላላቆቹ ጋር በግቢው ቆመው እግዚኦ ይላሉ። ማንም ሕፃን ከዚያ ፈርቶ የተመለሰ አናውቅም፤ የተማረው ግን ዝናብ ዕዳ ሳይሆን ስጦታ መሆኑን ነው። የሚጻፈው መጽሐፍ ይህን ቢጨምር፥ ከዚሁም ጋር ሰው ዝናብ ሲቀር ምን እንደሚያደርግ፥ እህልን እንዴት እንደሚያኖር፥ ውኃን እንዴት እንደሚገድብ ቢያሳይ፥ ልጁን ያጽናናዋል እንጂ አያስደነግጠውም።

ሌላም አለ። አገሪቱ አንድ ሰማይ ብቻ ያላት አድርገው መጻፋቸው አግባብ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ በጎጃም ሲዘንብ በቦረና ደረቅ ነው። የቦረና ሰው ዋናው ዝናብ ጋና ይባላል፥ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል፤ ሁለተኛው ሐገያ ይባላል፥ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይሆናል። (የግእዙ ሐጋይ የደረቅ ጊዜ ስም ሲሆን የቦረናው ሐገያ የዝናብ ስም መሆኑ ለቋንቋ ሊቃውንት የሚተው ነው።) የያቤሎ ልጅ ሐምሌ የጭቃ ወር ነው የሚለውን መጽሐፍ ሲያነብ፥ የደብረ ብርሃኑ ልጅ የበረዶውን ሰው እንዳየው ያየዋል። ሌላውን ስለ ባዕድ ሥዕል እየነቀፍን እኛ ራሳችን ለሌላው ባዕድ ሥዕል ልንልክ አይገባም።

ልጅ ራሱ ሊመለከተው የሚችለውን ነገር መጻሕፍቱ መተዋቸውም ያሳዝናል። የመስቀል ወፍ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል ይባላል፤ ነገር ግን ወፉ አይሄድም። ተባዕቱ በዝናቡ ወራት የደመቀ ላባ ይለብሳል፥ ወራቱ ሲያልፍ እንደ እንስቷ ቡናማ ይሆንና ከሌሎቹ ወፎች መካከል ሆኖ አይታወቅም። ይህን በአንድ ገጽ ቢነግሩት ልጁ ከጥቅምት በኋላ በየቍጥቋጦው ይፈልገው ነበር። እንደዚሁ ቡሄ ካለፈ ክረምት አለቀ የሚለውን አባባል ልጁ ራሱ ይፈትነው ዘንድ፥ አንድ ጣሳ ከሜዳ ላይ አስቀምጦ ከነሐሴ 13 ቀን በኋላ የሚገባበትን ውኃ በጣቱ ይለካ። በአዲስ አበባ ያለ ልጅ ጣሳው አሁንም ሲሞላ ያየዋል፤ አባባሉ ስለ ብርሃኑ እንጂ ስለ ዝናቡ እንዳልተነገረም ይገባዋል።

መሪጌታውና ልጁ ከተከራከሩ በኋላ፥ መሪጌታው ልጁን በሚያዝያ 5 ቀን ቀትር ወደ ግቢው ጠርተውት ነበር። በዚያ ቀን ፀሐይ በአዲስ አበባ ላይ በቀጥታ ታልፋለች፤ በነሐሴ 24 ቀን ገደማ እንደ ገና ትመለሳለች፥ በዚያን ጊዜ ግን ደመናው አያሳያትም። መሪጌታው መቋሚያቸውን በድንጋዩ ንጣፍ ላይ ቀጥ አድርገው አቆሙት። ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጥላው እያጠረ፥ እያጠረ ሄዶ ከመቋሚያው ሥር ገባ። ልጁ ዞሮ ዞሮ ፈለገውና፥ «የኔታ፥ ጥላው ወዴት ሄደ?» አላቸው። እርሳቸውም፥ «ያ መጽሐፍህ ምን ይላል?» ቢሉት፥ ገልጦ ገልጦ አጣው። «እንግዲያስ በባዶው ገጽ ላይ አንተው ጻፍበት» አሉትና እርሳስ ሰጡት። ልጁም ከመጽሐፉ ሽፋን በስተ ውስጥ፥ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ፥ ያየውን በሁለት መስመር ጻፈ።